የለገሠ እሑዶች

ሐረር፣ ኅዳር 3 ቀን 1981 ዓ.ም.
(ሳይላክ የቀረ)

ይድረስ ለጋሼ ሳህሉ፣

መድኃኔዓለም ካለህበት አገር በጤና ይጠብቅህ። ይህን ስታነብ ቁጭ በል። ወንድምህ ለገሠ ሞቷል።

እንዲህ ተብሎ እንደማይጻፍ አውቃለሁ። ዙሪያውን ዞሬ ልደርስበት ሞክሬ አራት ወረቀት አበላሸሁ፣ በመጨረሻ ይኸው። ከሚያዝያ ወዲህ ለገሠ ሐረር አልነበረም። አንድ እሑድ ከሲኒማ ሲወጣ ከሌሎች ወጣቶች ጋር አፍሰው ወሰዱት። ማሠልጠኛ ገባ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ላኩት። እናትህ እትዬ ተናኘ «ሳህሉ ከሰማ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል፣ እንዳትነግሩብኝ» ብለው ስለለመኑን ዝም አልን። አንተም አልጠረጠርክም። ለገሠ ድሮም ብዕር ከሚይዝ ድንጋይ ቢፈልጥ ይመርጣል፤ የእሱን ወሬ ሁልጊዜ የምጽፍልህ እኔ የአጎትህ ልጅ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አብሮት የዘመተ የጨርጨር ልጅ በክራንች እየተደገፈ መጣ። ሰኔ ውስጥ መሞቱን፣ በገዛ እጁ እንደቀበረው ነገረን። ልጁ ሲናገር እኔ ሻይ እያቀረብኩ ነበር፤ ማቅረቡን አላቋረጥኩም። ከዚያ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ አጠብኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛ ሳስተናግድ ሰነበትኩ። እንባ ግን አልመጣልኝም። ሰው ይታዘበኛል። ምን ላድርግ፣ አይመጣም።

ጽጌሬዳ

ከሰዓት በኋላ የጨመርኩት፦ ደብዳቤውን አባባ አዩት። አልተቆጡኝም። «መርዶ በፖስታ አይሄድም» አሉኝ። «መርዶ የሚነገረው ሳይነጋ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው ሰው በግራና በቀኝ ሆኖ ነው። በባዕድ አገር ብቻውን ወረቀት ከፍቶ ወንድሙን ይቅበር? ትምህርቱን ጨርሶ ሲመጣ እኔው አረዳዋለሁ። እስከዚያ እንደ ድሮው ጻፊለት።» የምትመጣው በሐምሌ 1982 ነው። ቆጠርኩት። አንድ ዓመት ከስምንት ወር።


ሐረር፣ ኅዳር 6 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሳህሉ፣

ብርዱ እንዴት ይዞሃል? አምላክ በማታውቀው አገር የሚያውቅህ ሰው አያሳጣህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እትዬ ተናኘን ጉንፋን ነገር ይዟቸው ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር፣ አሁን እየተሻላቸው ነው። አባባ ሰላም ብለውሃል።

የከተማውን ወሬ ጻፊልኝ ባልከው መሠረት፣ የዘንድሮው ፋሽን «ከርል» ነው። ወንዱም ሴቱም ፀጉሩን በመድኃኒት ጠቅልሎ ቅባት እያንጠባጠበ ይሄዳል። እኔ ከምሠራበት ኬክ ቤት ግድግዳው በሙሉ በቅባት ተነክሮ የእያንዳንዱ ደንበኛ ጭንቅላት ማኅተም ወጥቶበታል። ወይዘሮ ሥራዬ መቼም ታውቃቸዋለህ፣ ከወንበሮቹ ጀርባ ላስቲክ ለጠፉና «ከርል ያለው ከላስቲኩ እንዳይወጣ» ብለው በትልቁ አስጻፉ። ሴቶቹ ደግሞ የፍራሽ ስፖንጅ እየቆረጡ ትከሻቸው ውስጥ ይከታሉ። ከእነ መርየም ቤት አንድ ፍራሽ ጥጉን ተበልቶ ተገኝቷል። የፀሐይ መነጽር የሚገዛ ሰው በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አይልጣትም፤ ከላጣት አዲስ መሆኑን ማን ያውቅለታል? በአንድ ዓይኑ ወረቀት እያየ መንገድ ይሻገራል።

ለገሠ ያው እንደምታውቀው ዘናጭ ነው። ከርሉን ግን አልተሠራም። ፀጉሩን ላጭ አድርጎታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሸዋ በር ገበያ ወርዶ አዲስ የገባ ጂንስ ሲያገላብጥ አረፈደ፣ ከዚያ እኛ ዘንድ መጥቶ ሳምቡሳውን በኬክ ክሬም እየነከረ በላ። አትሳቅ፣ ይህም ፋሽን ነው። ኳስ ተጫዋቾቹ ጀመሩት፣ አሁን ያለ ክሬም ሳምቡሳ የሚያዝ ፋራ ይባላል። ማታ ሳይመሽ ቤቱ ገባ።

ሁሉም ደህና ነው። በርታልን።

የአጎትህ ልጅ ጽጌሬዳ


ድሬስደን፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጽጌ፣

ሰላምታዬ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ ይድረስሽ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ጉንፋኑን በዳማ ከሴ ትታጠነው። አጎቴን ጋሽ እንደሻውን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ።

ደብዳቤሽን ለመኝታ ቤት ጓደኞቼ አነበብኩላቸው፣ ስለ ላስቲኩ ስሰማ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከእኛ መካከል ዘውዴ የሚባል አለ፣ ፀጉሩ ሸብቷል፣ አባ ዘውዴ እንለዋለን። ክርስትናም ሲኖር ለቅሶም ሲደርስ የሚጠራው እሱ ነው። እሱ እንኳ ሳምቡሳ በክሬም ሲሰማ አማተበ።

አሁን ጉዳዬን ስሚ። እናንተ ሐረር ተቀምጣችሁ ከጅቡቲ በረሃ አቋርጦ የመጣ ጂንስ ታማርጣላችሁ። እኔ አውሮፓ መሐል ተቀምጬ አንድ ደህና ጂንስ አላገኝም። እዚህ ጂንስ ያለው ሰው እንደ ፊታውራሪ ነው የሚታየው። ባለፈው ለገሠ የላከልኝ ጉልበቱ ተቀዷል። አንድ ሌላ ይምረጥልኝ። እንደ ልማዱ አንድ ወር ለብሶ ያለስልሰው፤ አዲስ ልብስ ሲላክ ጥያቄው ብዙ ነው፣ የተለበሰ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ደግሞም ወገባችን አንድ ነው። የእሱን ሱሪ ሳጠልቅ ገና ከመጀመሪያው ቀን የራሴ ነው የሚመስለኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው በሩቅ ያለው ማን ነው?

አንድ መስመር እንኳ በእጁ ይጻፍልኝ እንጂ። ስለ እሱ አንድ ነገር እየሞከርኩ ነው፤ ሲሳካ ትሰሚዋለሽ። እስከዚያ እሑዱን በሙሉ ጻፊልኝ፣ የት እንደሄደ፣ ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደሳቀ። ሰኞ ሰኞ ክፍል ስገባ የምይዘው እሱን ነው።

ወንድምሽ ሳህሉ


ሐረር፣ የካቲት 2 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሳህሉ፣

ጥምቀቱን በሰላም ያሳለፈን አምላክ ለሁዳዴው ያድርሰን። ደብዳቤህ በአሥር ቀኑ ደረሰ። መልሱን ያዘገየሁት ሱሪው እስኪለሰልስ ብዬ ነው። አብሬ ልኬዋለሁ።

ለገሠ ሸዋ በር ከሸምሲያ ዘንድ መረጠው። አመራረጡን ታውቃለህ፤ ሱሪውን ይገለብጣል፣ ስፌቱን ይቆጥራል፣ ከዚያ ጣቱን በምራቁ አርሶ ጨርቁን ያሻል። ቀለሙ ጣቱ ላይ ካልቀረ «ይሄ ዋሾ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ሸምሲያ ሁልጊዜ «ወላሂ፣ ገበያዬን በምራቅ ጨረስከው» ትለዋለች። ይህ ሱሪ ጣት ሰማያዊ ያደርጋል።

እሑዱን ጻፊ ብለሃል። ባለፈው እሑድ አለማያ ሐይቅ ሄዱ። አንድ ፔጆ ታክሲ ውስጥ አሥር ሆነው ገቡ፣ ሁለቱ ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ እግራቸውን አንጠልጥለው። ባቢሌ የደረሰ ለውዝ በጆንያ ይዘው ነበር፤ ዳሩ ሁሉ ገለባ በገለባ ሆነ። አንዱ ቴፕ ይዞ ነበር፣ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እያረጀ ሄደ፣ እነሱም አብረው ድምፃቸውን አወፍረው ዘፈኑ። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ የህንድ ፊልም ነበር። ኬክ ቤታችን ደግሞ አዲስ ነገር ወጥቷል፤ ሚሪንዳ ውስጥ ጀላቲ ጨምሮ መጠጣት። አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛውን ያጥለቀልቃል፣ እኔ እጠርጋለሁ። ወይዘሮ ሥራዬ የመጥረጊያ ብለው ሳንቲም ጨመሩበት፣ ሰው ግን አልቀነሰም።

በእጅህ አንድ መስመር ጻፍለት ብዬው ነበር። «አቦ ተዪኝ፣ ሱሪው ይናገራል» አለኝ።

እትዬ ተናኘ ደህና ናቸው። ዓይናቸውን ትንሽ ያማቸዋል።

ጽጌሬዳ


ድሬስደን፣ መጋቢት 14 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጽጌ፣

ክፉ አይንካሽ። ሱሪው በሰላም ደረሰ፣ ቀለሙ እውነትም እውነተኛ ነው።

ግን አንድ ጉድ አይቻለሁ። ከኋላ ወገቡ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ። ጠብቦ ተሰፍቶ፣ በኋላ ተፈትቷል። ለገሠ ደግሞ መርፌ ወደ ጂንስ ከሚቀርብ ወደ ዓይኑ ቢቀርብ ይመርጣል። ጉልበቱም የተጣጠፈው ያለ ቦታው ነው፤ ከእሱ አንድ ስንዝር ያጠረ ሰው ነው የለበሰው። ወገበ ቀጭን፣ ቁመተ አጭር። አባ ዘውዴ ሱሪውን በመስኮት ብርሃን አገላብጦ «ይህቺ ሴት ናት» ብሎ ፈረደ። በይ ንገሪኝ፣ ልጁ ሱሪውን የሚያውሳት ማን ናት? የእኔን ሱሪ አልብሶ ሐረርን የሚያዞራት ከሆነማ ነገሩ የምር ነው። እማዬ አውቃለች?

ብትኖርም ትጠብቀው። ያ ስሞክረው የነበረው ነገር ተሳካ። እዚህ ባለ የልብስ ፋብሪካ የሁለት ዓመት ሥልጠና ለአንድ ሰው ቦታ አግኝቻለሁ። አንድ ቦታ ብቻ ነው። አስተማሪዬን ደጅ ስጠናው፣ ለፋብሪካው ከሰል ሳራግፍ ነው ክረምቱ ያለቀው። ለገሠ ጨርቅ በምራቁ የሚያውቅ ሰው ነው፤ መሣሪያውን ቢያገኝ የት ይደርሳል! ቅጹን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ይፈርምበት፣ ፎቶግራፍ ይለጥፍበት፣ እስከ ግንቦት ማለቂያ ይድረሰኝ። ጽጌ፣ ይህ ለሱሪና ለሽርሽር አይደለም። እሱ ባለበት ዕድሜ እዚያ የሚያስፈራኝን ነገር አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በደብዳቤ አልጽፈውም። ሌሊት ሌሊት እሱን እያሰብኩ ነው የማድረው። ከወጣልኝ ሌላ ነገር አልጠይቅም።

ሳህሉ


ሐረር፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሳህሉ፣

በዓሉን እንዴት ዋልክ? እኛ በሰላም ፈስከናል።

ቅጹ ደርሷል። ለገሠ ስላሰብክለት በጣም አመስግኖሃል። ነገር ግን መሄድ አይፈልግም። አባባም መክረውት ነበር። እናቴን ብቻዋን ትቼ የትም አልሄድም፣ ሐረር ተመችቶኛል ብሏል። ቦታውን ለሌላ ሰው ስጠው።

ስለ ሱሪው የጠየቅኸውን ለገሠ አልመለሰልኝም፣ ስቆ ዝም አለ።

ዘንድሮ ሙቀቱ ጠንክሯል። የጀላቲው መኪና ተበላሽቶ ድሬዳዋ ለጥገና ሄዷል።

ጽጌሬዳ


ድሬስደን፣ ግንቦት 24 ቀን 1981 ዓ.ም.

ጽጌ፣

ሰላምታ ሳላበዛ ወደ ነገሬ ልግባ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ተመችቶኛል? ምኑ ነው የተመቸው? ሳምቡሳው ነው ክሬሙ? እኔ ጣቶቼ እስኪሰነጠቁ ከሰል ያራገፍኩት እሱ በሚሪንዳ ውስጥ ጀላቲ እንዲያሟሟ ነው? እናቴን ብቻዋን አልተውም ይላል! እናቱ የሚያሳዝኑት ሰው ከእሑድ እስከ እሑድ ሸዋ በር ሲያገላብጥ አይውልም። ቦታውን ለአንድ የጎንደር ልጅ ሰጥተውታል፤ የማላውቀው ሰው እጄን ስሞ አለቀሰ። የገዛ ወንድሜ ግን ስቆ ዝም አለ።

ይህችን ቃል በቃል አንብቢለት። «ለገሠ፣ ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው። ያ የምፈራልህ ነገር ሲደርስብህ እንዳትጠራኝ። ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም።» ቁጭ አድርገሽ አንብቢለት። ከእንግዲህ ስለ እሱ እሑድ አንድ መስመር አትጻፊልኝ።

እማዬን ሳሚልኝ።

ሳህሉ


ሐረር፣ ሰኔ 20 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሳህሉ፣

ከዚህ ወረቀት ሌላ በኤንቨሎፑ ውስጥ የታሸገ ሁለተኛ ወረቀት አለ። እባክህ አትክፈተው። ለአቶ ዘውዴ ነው። ወስደህ በእጃቸው ስጣቸው። እሳቸው ነገ ሳይነጋ ወደ ክፍልህ ይመጡና ያነቡልሃል። ደብዳቤ ጽፌልህ ለምኜህ አላውቅም፤ በዚህች ብቻ እሺ በለኝ።

ጽጌሬዳ

(የታሸገው)

ለተከበሩ አቶ ዘውዴ፣

እግዚአብሔር የሽማግሌነትን ዋጋ ይክፈልዎ። ሳያውቁኝ ይህን ስለጫንኩብዎ ይቅር ይበሉኝ። ሳህሉን የምናረዳበት ሌላ ሰው እዚያ የለንም። እባክዎ አራት አምስት ሆናችሁ ከመንጋቱ በፊት ሂዱ። ብቻውን እንዳይሆን። ከመስኮት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ያንብቡለት፦

ጋሼ ሳህሉ፣ ለገሠ አርፏል። ያረፈው በሰኔ 1980 ነው፣ ዓመት ሆነው። በሚያዝያ አፍሰው ወሰዱት፣ በሰኔ ሰሜን ውስጥ ሞተ፣ ወሬው የደረሰን በጥቅምት መጨረሻ ነው። አባባ መርዶ በፖስታ አይሄድም ስላሉ ደበቅንህ። ይህንንም ስጽፍ አያውቁም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ሲባል እሰማለሁ፤ የእኔ እያደር ከበደኝ።

ቅጹን አልመለሰም፣ አላየውምና። አልሳቀምም። ግንቦት ላይ የጻፍከውን ለማንም አላነበብኩም። ለገሠ ያንን ቃል አልሰማም። ከአንተ የመጨረሻ የሰማው ባለፈው ዓመት ለጥምቀት የጻፍክለትን ነው፣ «የላክህልኝ ሱሪ ሰው አደረገኝ» ያልከውን። ይህንን እንድታውቅ ብዬ ነው አባባን የተላለፍኩት። ወንድምህን ጠልተህ እንዳትኖር።

እሑዶቹን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አለማያ የሄዱት ሌሎች ናቸው፤ ኬክ ቤት ተቀምጠው ሲያወሩ ሰምቼ ለገሠን መሐላቸው አስገባሁት። ሱሪውን ሸምሲያ መረጠችልኝ። «አላህ ይርሐመው» ብላ ጣቷን አርሳ እንደ እሱ አሸችው። የለበስኩት እኔ ነኝ። ወገቡን በመርፌ አጥብቤ፣ እግሩን አጥፌ፣ ከጥቁር ቀሚሴ ሥር አንድ ወር ለበስኩት። ከል ለብሳ ሱሪ ታጠልቃለች እንዳይሉኝ ቀሚሱን አስረዘምኩ። እሑድ እሑድ እሱ በሚሄድበት ሁሉ ሄድኩበት፣ የሚበላውን በላሁ፣ ክሬሙንም። ምንም አይጣፍጥም። ማኪያቶም ውኃም አንድ ነው። ማታ ሱሪውን አወልቅና ምን እንደበላሁ እጽፍልሃለሁ።

አቶ ዘውዴ፣ ከዚህ በኋላ ያልቅስ፣ አትከልክሉት።

ጽጌሬዳ እንደሻው


ድሬስደን፣ ነሐሴ 4 ቀን 1981 ዓ.ም.

ጽጌ፣

እንዳልሽው አደረጉት። ስድስት ሆነው መጡ። ወረቀቱን ለዘውዴ ስሰጠው ገና በእጁ ሲቀበለኝ አውቄ ነበር መሰለኝ፤ ሌሊቱን ልብሴን ለብሼ ተቀምጬ ነው ያደርኩት። ሦስት ቀን ጥቁር አስረን ተቀመጥን፣ ጀርመኖቹም ሻማ አመጡልን። እማዬ ሳታውቅ ይቆይ፣ ማወቄን እኔ መጥቼ እነግራታለሁ።

አንቺን አልቀየምኩሽም። እኔ ያልኩትን ያልኩት እሱ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፣ ቢሆንም ብያለሁ።

አንድ ነገር ስጪኝ። ዓመት ሙሉ የጻፍሽልኝ እሑድ የአንቺ ነው። አንድ የእሱ የሆነ እሑድ ጻፊልኝ፣ የመጨረሻውን። ደግሞ ዘውዴ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ያኔ በሚያዝያ አፈሳው መኖሩን ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ለገሠ ዘናጭ ነበር እንጂ ሞኝ አልነበረም። ያን ቀን ምን ሊሠራ ወጣ?

ሳህሉ


ሐረር፣ መስከረም 9 ቀን 1982 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሳህሉ፣

አዲሱ ዓመት ያጽናናህ። የጠየቅኸው ይኸው፣ ያልጨመርኩበት።

አልወጣም ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ ከእትዬ ተናኘ ጓዳ አልወጣም። ቀን ቀን ይተኛል፣ ሲሰለቸው ሸሚዞቹን እያወጣ ይተኩሳል፣ መልሶ ይሰቅላል። የቀበሌ ሰዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ሶፊ ገጠር ለእርሻ ሄዷል ብለናቸው ተመልሰዋል።

ያን እሑድ እኔ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ነበር፣ ትከሻው ስፖንጅ ያለው። የህንዱ ፊልም የመጨረሻ ቀኑ ነበር። ከእሱ ጋር መታየት እወድ ነበር፣ ጋሼ። ከእሱ ጋር ስሄድ ሰው ዞሮ ያየኛል፤ ብቻዬን ስሄድ አያየኝም። ሌላ ምክንያት የለውም። ጓዳ ገባሁና ና ሲኒማ እንሂድ አልኩት። «አቦ ጽጌ፣ ዛሬስ ይቅርብኝ» አለ። ዛሬ እሑድ ነው፣ እሑድ እነሱም ያርፋሉ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ያኔ «ፋራ ሆነህ ቀረህ፣ ከእንግዲህ እንደ አሮጊት ጓዳህን ጠብቅ» ብዬ ሳቅሁበት። ለገሠን ምን ብትለው ይችላል፣ ፋራ ግን አይችልም። ተነሥቶ ነጩን ሸሚዝ ለበሰ። ጫማውን ሁለት ጊዜ ወለወለ።

ኬክ ቤት ሄድን። አንድ ሚልፎሊ አዘን ለሁለት በላን፣ ትልቁን ለእኔ ቆረሰልኝ። ከንፈሬ ላይ ዱቄት ስኳር ቀርቶ ነበር፣ ጠረገልኝ። ፊልሙ ረጅም ነበር፣ መሐሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ አምስት ሳምንት ቀን ቀን ተኝቶ እንኳ አልጠገበም። ሲያልቅ ቀሰቀስኩት። ወጣን። መኪናው ከበሩ ፊት ለፊት ቆሟል። ሴቶች ወደዚህ፣ ወንዶች ወደዚያ አሉ። አልሮጠም። ሲጭኑት ዞረና «እማዬን ሸዋ በር ነው በያት» አለኝ። እንደዚያው አልኳቸው። እስከ ማታ ድረስ ሸዋ በር ነው ስል ዋልኩ።

የእሱ እሑድ ይኸው ነው። ጓዳ ገብቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አባባ አያውቁም፣ እትዬ ተናኘም አያውቁም። ሲኒማ ብቻውን እንደሄደ ነው የሚያስቡት። ስትመጣ ልትነግራቸው ትችላለህ፣ አልለምንህም።

አሁን ከእትዬ ተናኘ ጋር ነው የምኖረው። አባባ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብለው ላኩኝ፣ በለገሠ አልጋ ነው የምተኛው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ቁርስ ያቀርቡልኛል። ፊት ለፊቴ ይቀመጡና «ከእሱ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ፣ ብዪልኝ ልጄ» ይሉኛል። እበላለሁ።

ጽጌሬዳ